ጨርቃ ጨርቅ ወይስ ኮምፒዩተር?

ዘነበወርቅ የሚኖር ሕግ የተማረ ሰው፣ ጥብቅና ባይቆም እንኳ ከጎረቤት ጥያቄ አያመልጥም። የቤት ኪራይ ውል ይመጣል፣ የዕድር ክርክር ይመጣል፣ ውርስ ይመጣል። ሰሞኑን ግን በሰፈራችን ልብስ የሚሰፉ አንድ አባት ያመጡልኝ ጥያቄ ከሕግ ጋር የሚገናኝ አይመስልም ነበር። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ልትመርጥ ነው። “ጋሼ፣ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እገባለሁ ትላለች። ኢንፎርሜሽን ሲስተም የሚባል ነገርም አብሬ አጠናለሁ ትላለች። እኔ በስፌት መኪና አሳድጌያት እሷ ተመልሳ ጨርቅ ውስጥ? ኮምፒዩተሩን ብቻ ለምን አትማርም?” አሉኝ።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይመስለኝም። በብዙዎቻችን ቤት ጨርቃ ጨርቅ ሲባል የሚታሰበው ጥጥ፣ አቧራና አነስተኛ ደመወዝ ነው፤ ኮምፒዩተር ሲባል ደግሞ ንጹሕ ቢሮ። ሁለቱን አንድ ላይ አጠናለሁ የሚል ተማሪ ሲገጥመን “ሁለት ባላ ትከል” ያለውን ተረት የሰማ፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ለመንጠልጠል የሚዘጋጅ ይመስለናል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ሁለቱ ሁለት ባላ አይደሉም። ዛሬ ጨርቅ የሚሸጠው ከመረጃው ጋር ነው፤ መረጃ የሌለው ጨርቅ የሚገዛው እያጣ ነው።

ለነገሩ ዝምድናው የትናንት አይደለም። ሰፈራችን ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ሲሆን፣ በእርሳቸው ስም በተጠራው የሥጋ ደዌ ሕክምና ሥፍራ ላይ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ። በሽታው የነካቸው ሴቶች የሠሯቸው የጥልፍና የሽመና ሥራዎች በአለርት ግቢ ለብዙ ዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል። ጥለት የሚጥል ሸማኔን ቆም ብሎ ያየ ሰው የሥራው ግማሽ ቆጠራ መሆኑን ይረዳል። ከድሩ ስንት ፈትል ተነሥቶ ስንት እንደሚቀር፣ የትኛው ቀለም በየትኛው ዙር እንደሚገባ በቃሉ ይዞታል። መወርወሪያው ሲያልፍ እያንዳንዷ ፈትል ወይ ተነሥታለች፣ ወይ አልተነሣችም፤ ሦስተኛ ነገር የለም። ኮምፒዩተር አንድና ዜሮ የሚለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህንን ከሸማኔው ጭንቅላት አውጥቶ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ጆሴፍ ማሪ ዣካርድ የተባለ የሊዮን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ባቀረበው የሽመና መሣሪያ ላይ የተበሱ ካርዶች የትኛው ፈትል እንደሚነሣ ያዙ ነበር። ከዓመታት በኋላ የራሱ የዣካርድ ምስል በሐር ሲሸመን 24,000 ያህል ካርድ ፈጅቷል። ከዚህ ምስል አንዱን እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ቤቱ አስቀምጦት ነበር፤ ላቀደው የስሌት ማሽንም የካርዱን ሐሳብ ከሽመና ወሰደ። በእኛም ቋንቋ ኢንተርኔቱን የሚመለከተውን ቃል “ድረ ገጽ” ብለን ስንሰይም ድርን መዋሳችን ይገርመኛል።

ወደ ዛሬው ፋብሪካ እንምጣ፤ የልጅቷ ምርጫ የሚመዘነው እዚያ ነውና።

የተዳመጠ ጥጥ ተጠቅጥቆና ታስሮ ወደ ፈትል ፋብሪካ ይገባል። ፋብሪካዎቹ ቤል ይሉታል። ሁለት ቤል ጥጥ በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ቢመስሉም ባሕርያቸው ይለያያል። ኤች ቪ አይ የተባለው መመርመሪያ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ናሙና ወስዶ የቃጫውን ርዝመት፣ ጥንካሬ፣ ቀለምና በውስጡ ያለውን ቆሻሻ ይለካል። ማይክሮኔር የሚሉት ልኬትም አለ፤ የቃጫውን ቅጥነትና ብስለት በአንድ ቁጥር ያሳያል። እንግዲህ ማይክሮኔሩ የተራራቀ ጥጥ ሳይመጣጠን ተደባልቆ ቢፈተል በፈትልነቱ ጊዜ ምንም አይታይም። በሽመናውም ላይ ላይታይ ይችላል። ማቅለሚያ ውስጥ ሲገባ ግን ያልበሰለው ቃጫ ቀለሙን እንደበሰለው አይጠጣውምና ጨርቁ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ጉዳቱ የሚታወቀው ጥጡ ተገዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖና ቀለም ተነክሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? የማቅለሚያ ክፍሉ ሽመናን ይከሳል፣ ሽመና ፈትልን ይከሳል፣ ፈትል ጥጥ የገዛውን ሰው ይከሳል። ሁሉም የራሱ መዝገብ አለው፤ መዝገቦቹ ግን አይነጋገሩም። የቤሉ ቁጥር ከፈትሉ ምድብ፣ የፈትሉ ምድብ ከጨርቁ ጥቅል፣ ጥቅሉ ከቀለሙ ዙር ጋር ተያይዞ ቢመዘገብ ኖሮ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከምንጩ ይደረስበታል። የተሻለው ደግሞ ጥጡ ከመደባለቁ በፊት ሲስተሙ የሚመጣጠኑትን ቤሎች መርጦ ቢያሰልፍ ነው። ሥራውም እንግዳ አይደለም፤ ዑስተር የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የፈትል ጥራት ማወዳደሪያ ስታቲስቲክስ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ታዲያ ይህን ሲስተም ማን ይንደፈው? ሶፍትዌር ብቻ የተማረው ወጣት ጎበዝ ቢሆንም ማይክሮኔር ለምን እንደሚመዘገብ ካልተነገረው አያውቅም፤ የነገሩትን ሁሉ እኩል ይመዘግባል። ጥጥ ብቻ የሚያውቀው መሐንዲስ ደግሞ ችግሩን ያውቀዋል፣ ዕውቀቱ ግን ደብተሩ ውስጥ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ደብተሩም አብሮት ይወጣል። ልጅቷ ላጥና ያለችው በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ ነው። በልብስ ስፌቱ ክፍልም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሸሚዝ ወጪ ትልቁ ድርሻ የጨርቁ በመሆኑ፣ ቁርጡ በኮምፒዩተር ሲደረደር የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲ ሜትር በብዙ ሺህ ሸሚዝ ሲባዛ ትርፍና ኪሳራን ይለያል።

ሕግ የተማርኩ ነኝና አሁን ወደ ለመድኩት ልግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ባጭሩ የማስረዳት ሸክም የጠያቂው ነው። በዓለም የጨርቅ ንግድ ግን ሸክሙ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የወጣውና ከሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ የኡይጉር የግዳጅ ሥራ መከላከያ ሕግ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል ከቻይናዋ ሺንጂያንግ የመነጨ ዕቃ በግዳጅ ሥራ እንደተመረተ ይገምታል። አስመጪው ግምቱን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ካላፈረሰ፣ ወይም ጥጡ ከሌላ ሥፍራ መምጣቱን ካላሳየ ዕቃው ወደብ ላይ ይቀራል። ሺንጂያንግ የቻይና ጥጥ አብዛኛው የሚበቅልበት ምድር ነው። በመሆኑም ከቻይና በመጣ ጨርቅ ሐዋሳም ሆነ ሌላ ሥፍራ የተሰፋ ሸሚዝ “እኔ የሰፋሁት ኢትዮጵያ ነው” በማለት ብቻ አይድንም። ጥጡ ከየት እርሻ እንደተለቀመ፣ የት እንደተዳመጠና እንደተፈተለ በሰነድ ማሳየት ይጠየቃል።

የአውሮፓውም መንገድ ወደዚያው ያመራል። ከሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የዲጂታል የምርት ፓስፖርት የሚባል ነገር አምጥቷል። ዕቃው ላይ ያለው ኮድ በስልክ ሲነበብ ስለ ምርቱ የተጠየቀውን መረጃ ያሳያል። ዝርዝሩ ለየምርቱ ለብቻ የሚወጣ ሲሆን አልባሳት ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል ናቸው። ሰው ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ማስረጃ እንደሚጠየቀው ሁሉ ሸሚዝም ሊጠየቅ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያስታወሰ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ታላቁ የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ማስታወቁንና በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ ከአጎዋ መታገዷን ያስታውሳል። ገበያው በፖለቲካ ሲዘጋ መረጃው ምን ይጠቅማል? ቢባል ተገቢ ነው። እውነት ነው፣ ፖለቲካ የዘጋውን በር መሐንዲስ አይከፍተውም። ሆኖም የአጎዋ መታገድ ያስቀረው ከቀረጥ ነፃ መብትን ነው፤ የማስረጃ ጥያቄውን አላስቀረም። በሩ በሚከፈትበት ቀን ሰነዱን ይዞ የተገኘና ያልያዘ ፋብሪካ እኩል አይገቡም።

ሌላም የማልደብቀው ሥጋት አለኝ። የጨርቁን ጉዞ የሚከተል ሲስተም ጨርቁን የሰፋችውንም ልጅ ይከተላል። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው የሚያልፈው እስር ባርኮድ ሲነበብ፣ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰችና ስንት ጊዜ እንደተነሣች አብሮ ይመዘገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዲህ ያለ መረጃ የሚሰበስበውን ሁሉ በኃላፊነት ይጠይቃል። ግን የአንዲት ሠራተኛ ውጤት ለአለቃዋ ብቻ ይታይ ወይስ ለአዳራሹ ሁሉ በሰሌዳ ይለጠፍ የሚለውን በተግባር የሚወስነው ሲስተሙን የሚነድፈው ሰው ነው። የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማች ያደገች ልጅ ብትነድፈው ደስ ይለኛል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ልበል። በአገራችን የዘርፉ ዋነኛ ቤት ባሕር ዳር ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጨርቃ ጨርቅን ከመጀመሪያው ያስተምር ነበር፤ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ከዚያ የወጣ ነው። ኮምቦልቻና ድሬዳዋም ያስተምራሉ፤ ሦስቱም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራቸው ከተሞች መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። በውጭው ዓለም ደግሞ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ሥር ኢንፎርሜሽን ሲስተም ላይ ያተኮረ ዘርፍ ከፍቶ አስተምሯል።

እዚህ ያለ ተማሪ እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ዘርፍ ባያገኝ ራሱ ሊያበጀው ይችላል። ስታቲስቲክስን እንደ ማለፊያ ኮርስ ሳይሆን እንደ ዋና ሙያ ይያዝ። ዳታ ቤዝ ይማር፤ ከሌላ የትምህርት ክፍልም ቢሆን ገብቶ ይማር። ለተግባር ልምምድ ፋብሪካ ሲላክ ከማሽኑ አጠገብ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ከሚይዘው ሠራተኛ ጎንም ይቀመጥ። የትምህርት ክፍሉን ከመምረጡ በፊት ደግሞ የጥጥ መመርመሪያ ላቦራቶሪውን አይቶ፣ ውጤቱ ከተለካ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ። “እዚያ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል” ከተባለ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ከወዲሁ አገኘ ማለት ነው።