በክሬዲት ካርድ የተጠየቀ ክፍያ ሲከለከል ነጋዴው ሊያደርገው ስለሚገባው

በኢንተርኔት አማካይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ደጋግመው ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ ገዥው ዕቃውን መርጦ፣ በዋጋውም ተስማምቶ፣ የክሬዲት ካርዱን ቁጥር ከሞላ በኋላ ክፍያው ሳይፈጸም መቅረቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሻጩ ገዥውን ገንዘብ የሌለው ወይም አታላይ አድርጎ ይገምታል፤ ገዥውም በበኩሉ መደብሩን ተጠራጥሮ ወደ ሌላ ይሄዳል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ጥፋት ሳይኖር ገበያው ይፈርሳል። ይሁን እንጂ የክልከላው ምክንያት ቢታወቅ ነገሩ ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ሊቃና የሚችል ነው።

ለዚህም አስቀድሞ ክፍያው የሚያልፍበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። የገዥው ጥያቄ ከሻጩ ድረ ገጽ ተነሥቶ ወደ ክፍያ አስተላላፊው ድርጅት፣ ከዚያም ወደ ሻጩ ባንክ፣ ቀጥሎም እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉት ድርጅቶች መሥመር በኩል ካርዱን ለገዥው ወደ ሰጠው ባንክ ይደርሳል። በተለመደው አሠራር የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ይኸው የመጨረሻው ባንክ ነው። መልሱም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለሻጩ ይደርሰዋል። ሆኖም አስተላላፊው ድርጅት ራሱ ጥያቄውን ተጠራጥሮ ወደ ባንኩ ሳያደርስ የሚያስቀርበት ጊዜ ስላለ፣ ሻጩ ክልከላው ከየትኛው ወገን እንደ መጣ በቅድሚያ መመልከት ይገባዋል።

የባንኩ መልስ እንደ ልማዱ በሁለት አኀዝ ይገለጻል። 51 በሒሳቡ በቂ ገንዘብ አለመኖሩን፣ 54 የካርዱ ጊዜ ማለፉን፣ 14 የካርዱ ቁጥር ትክክል አለመሆኑን፣ 61 የገንዘቡ ልክ ከተፈቀደው ወሰን ማለፉን፣ 57 ለካርዱ ባለቤት እንዲህ ያለው ግብይት አለመፈቀዱን፣ 91 ደግሞ ባንኩ በዚያች ሰዓት መልስ ለመስጠት አለመቻሉን ያመለክታል። 41 ካርዱ እንደ ጠፋ፣ 43 እንደ ተሰረቀ የሚያስታውቁ ናቸው። ነጋዴዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው 05 ነው፤ ይኸውም ባንኩ ምክንያቱን ሳይገልጽ የከለከለ መሆኑን ብቻ ይናገራል።

መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ቁጥር 91 ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መሞከር ይበቃል። 14 ወይም 54 ሲሆን ገዥው ቁጥሩንና ቀኑን እንዲያርም፣ ካርዱም ጊዜው አልፎ ከሆነ አዲሱን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። 41 ወይም 43 ሲመጣ ግን ሽያጩን ማቆምና ዕቃውን አለመልቀቅ ነው። 05 በሚሆንበት ጊዜ ሻጩ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ገዥው ራሱ በካርዱ ጀርባ በተጻፈው ስልክ ባንኩን ጠርቶ ግዥው የእርሱ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በዋሽንግተን የሚኖር ሰው ከአዲስ አበባ መደብር ቡና ቢያዝ፣ ባንኩ ያልተለመደ የሩቅ አገር ግዥ አይቶ ሊጠራጠር ይችላል።

እንደዚሁም በአድራሻ ምክንያት የሚደርስ ክልከላ አለ። በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ገዥው የሞላው አድራሻ በባንኩ መዝገብ ካለው ጋር ይመሳከራል። በውጭ አገር የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቹ ስጦታ ሲያዝ የዘመዶቹን አድራሻ በካርዱ ባለቤት አድራሻ ቦታ ላይ ከጻፈ፣ ሽያጩ በዚሁ ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ አድራሻዎች በድረ ገጹ ላይ ተለይተው በግልጽ ሊጠየቁ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ባንኩ ገዥውን በተጨማሪ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ፣ ስልኩን ለውጦ ለባንኩ ያላስታወቀ ሰው የሚላክለትን የምሥጢር ቁጥር ሳያገኝ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የተከለከለን ክፍያ ደጋግሞ መሞከር ጥርጣሬን ያባብሳል። በቪዛ ደንብ መሠረት አንዳንድ ክልከላዎች ከቶ አይደገሙም፤ የቀሩትም ቢሆኑ በ30 ቀን ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ ሊሞከሩ አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ የካርድን ፎቶግራፍ ወይም በጀርባው ያለውን ሦስት አኀዝ በስልክ መልእክት ላኩልኝ ማለት ገዥውን ለሌባ ማጋለጥ ነው፤ ይህንንም አኀዝ ከክፍያው ፈቃድ በኋላ ማስቀመጥ በካርድ ድርጅቶች ደንብ የተከለከለ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍያው ሳይፈጸም ገንዘቡ ከገዥው ሒሳብ ላይ ለጊዜው ተይዞ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ ገንዘብ ለሻጩ አልደረሰም፤ መያዣው ሲነሣ ለባለቤቱ ይለቀቅለታል። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስለሆነ ነገሩን ለገዥው ቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።

እንግዲህ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ጽፎ ለሠራተኞቹ ቢሰጥ፣ ክፍያው ለተከለከለበት ገዥም በዚያው ቀን በትሕትና ምክንያቱንና መፍትሔውን ቢገልጽለት፣ በሐዋላም ሊከፍል የሚችል መሆኑን ቢያስታውቀው፣ ሊጠፋ የነበረው ደንበኛ ይመለስለታል።