በርበሬው ሻንጣ ውስጥ፣ ዲግሪው ቁም ሳጥን ውስጥ

እህቴን ቦሌ የሸኘናት ቀን ሻንጣዋ ሁለት ጊዜ ተመዝኗል። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ኤርፖርት። በሁለቱም ትርፍ ኪሎ ተገኘ። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሚጥሚጣ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ቅቤው እንኳ ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል ነው ተብሎ በስንት ክርክር ቀረ። እማዬ ከበርበሬው ትንሽ ይቀነስ ስትባል «እዚያ ማን ይሰጣታል?» ብላ አኮረፈች።

ከአንድ ዓመት በኋላ እህቴ ደወለችና «ዲግሪዬን ላክልኝ» አለችኝ። ቤቱን ገለባብጬ ፈለግሁ። ለካ እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከተጣጠፈ ጋቢ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት የሠራች ሴት በርበሬዋን ይዛ ዲግሪዋን ትታ ሄደች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ማናችንም ትዝ አላለንም። ስምንት ወር ሙሉ ቤታችን ውስጥ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ቪዛው መጣ?»

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። «ስሜን አትጥቀስ እንጂ ለሌሎቹ ንገራቸው» ብላኛለች።

ባሏ በልጅነቱ ሄዶ ፍራንክፈርት አካባቢ ያደገ፣ የጀርመን ዜግነት ያለው ሐበሻ ነው። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩ የክፉ ባል ታሪክ ስላልሆነ ነው። የወረቀት ታሪክ ነው።

ጀርመን የዜጋዋን ሚስት ወይም ባል ስትቀበል በአብዛኛው አስቀድማ መሠረታዊ ጀርመንኛ ትጠይቃለች። ኤ1 የሚባለው ደረጃ ነው። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ትዳሩም የእውነት መሆን አለበት። ከቋንቋው ነፃ የሚሆኑ አሉ፤ ለምሳሌ ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ ፈቃድ የያዘ ሰው የትዳር አጋር አይጠየቅም። እህቴ ግን ተጠይቃለች። ከሥራ ወጥታ በየማታው ተማረች፤ አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ተፈተነች። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው። ማለፊያው ከ100 ነጥብ 60 ነው። በመጀመሪያው ወደቀች፣ በሁለተኛው አለፈች፤ ቤት ዶሮ ተሠራ። ወረቀቱ ተሟልቶ ኤምባሲ ገባ፤ 75 ዩሮ የቪዛ ክፍያ ተከፈለ፤ ከዚያ ወራት የፈጀ ጥበቃ። ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ቦሌ።

እንደ ደረሰች የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷን አወጣች። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ካርዱ ላይ «ኤርቨርብስቴቲግካይት ኤርላውብት» የሚል ረጅም ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ «ሥራ መሥራት ተፈቅዷል» ነው። ተቀጥራ መሥራትም፣ የራሷን ሥራ መክፈትም ትችላለች። አሠሪ ፈልጋ፣ ለብቻው የሥራ ፈቃድ ጠይቃ አትንከራተትም። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጀርመን ሕግ መነሻው ይኸው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሕግ ካልተከለከለ በስተቀር መሥራት ይችላል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካን ተመልከቱ። የአሜሪካ ዜጋ ያገባና የስደተኛ ቪዛ ይዞ የሄደ ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ነው፣ ይሠራል። ባለቤቷ ተማሪ ሆኖ በኤፍ-1 የሄደና እሷ በኤፍ-2 የተከተለችው ሴት ግን መሥራት አትችልም። ማስተርስ ይኑራት፣ ዶክትሬት ይኑራት፣ አትችልም። ባለሙያ ሆኖ በኤች-1ቢ የሄደን ሰው በኤች-4 የተከተለ የትዳር አጋርም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የሥራ ፈቃድ ማመልከት የቻለው የባለቤቱ የግሪን ካርድ ጉዳይ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ማርች 2024 ላይ አዲስ የሚገቡ ኬር ወርከሮች ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን ይዘው እንዳይመጡ ከለከለች። «አግብታ ውጭ ሄደች» ስንል አንድ ነገር የተናገርን ይመስለናል እንጂ በውስጡ አሥር ዓይነት ሕይወት አለ። ልዩነቱ ያለው ቪዛው ላይ በተጻፈችው ፊደልና ቁጥር ነው።

ታዲያ እህቴ ከሁሉም የተሻለው ደርሷት ሳለ ለምን ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ቆየች?

እዚህ ላይ የተማርኩትን ትምህርት ትንሽ ልጠቀምበት። ጄኮብ ሚንሰር የሚባል የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቤተሰብ ፍልሰት አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤተሰብ ከአገር አገር የሚሄደው የሁለቱ ጥቅም ተደምሮ ትርፍ ሲኖረው ነው። ድምሩ ትርፍ ይሁን እንጂ ለብቻ ሲታዩ አንዱ ሊከስር ይችላል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ የማይሄደውን፣ ለቤተሰቡ ሲል የሚሄደውን ሰው ሚንሰር «ታስሮ የሄደ» ይለዋል። ክፍል ውስጥ ይህን ስማር ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ሸመደድኩት። እህቴ ስትደውል ነው የገባኝ።

ሕጉ «ሥሪ» ይላታል። ገበያው ግን «በምንሽ?» ይላታል። ኤ1 ጀርመንኛ ዳቦ ለመግዛት ይበቃል፤ ሒሳብ ለመዝጋት አይበቃም። እዚህ የለመደችው ፒችትሪ ነው፤ እዚያ ቢሮው ሁሉ ዳቴቭ በሚባል ሶፍትዌር ይሠራል። የግብር ሕጉ ሌላ፣ የሒሳብ አያያዙ ሌላ። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋ። ኢንተግራሲዮንስኩርስ የሚባለው ትምህርት 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ ነው። የሚያደርሰው እስከ ቢ1 ደረጃ ነው። ጠዋት እሱን እየተማረች፣ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ታጸዳ ነበር።

የዲግሪው ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጀርመን ሙያዎችን ለሁለት ትከፍላለች። ነርስ፣ ሐኪም፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከሆናችሁ ወረቀታችሁ በሕግ ሳይታወቅ ሙያችሁን አትሠሩም። የሒሳብ ሠራተኛ፣ ኢኮኖሚስት፣ የሽያጭ ባለሙያ ከሆናችሁ ግን ሕጉ አያግዳችሁም፤ አሠሪውን ማሳመን ነው። ለማሳመን የሚረዳ አንድ ወረቀት አለ። የውጭ ዲግሪን ከጀርመኑ ጋር አነጻጽሮ ደረጃውን የሚጽፍ መሥሪያ ቤት አለ፤ ክፍያው 200 ዩሮ ገደማ ነው። ለዚህ ነበር «ዲግሪዬን ላክልኝ» ያለችው። ሰው በሰው ፈልገን፣ መንገደኛ ለምነን ላክን። አንድ ዓመት እንዲሁ ባከነ።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር ነበር፤ ግብር። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የባልና ሚስትን ገቢ አንድ ላይ ደምራ ግብር ታስባለች። ባለትዳሮች ከፈለጉ ብዙ የሚያገኘው ምድብ 3፣ ትንሽ የሚያገኘው ምድብ 5 መግባት ይችላሉ። ያኔ ከባል ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ይቀንሳል፣ ከሚስት ደመወዝ የሚቆረጠው ይጨምራል። ለቤቱ በየወሩ የሚገባው ገንዘብ ጥሩ ነው፤ የእሷን ወረቀት ለብቻው ስታዩት ግን «ለዚህ ነው እንዴ የምለፋው?» ያሰኛል። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ በዚህ ተስፋ ቆርጦ «ሚኒ ጆብ» የምትባለው ትንሽ ሥራ ላይ ይቀራል፤ ጣሪያዋ በ2025 በወር 556 ዩሮ ነበር። ጤና መድኑ በባል በኩል በነፃ ስለሚሸፈን ምቹ ይመስላል። ግን የወሊድ ጊዜ ድጎማም ሆነ የሥራ አጥነት ክፍያ የሚሰላው እጅ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ ነው። ዛሬ ትንሽ የምትመስለው ደመወዝ ነገም ትከተላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ደወለች። ድምፅዋ ወርዷል። ተጣልተዋል። ነገሩ ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ ነበር፤ የሁሉም ቤት ጠብ ነው። በጠቡ መሃል ግን «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ» አላት። እሷ የሰማችው ሌላ ነው፤ «ልመልስሽም እችላለሁ» ብሎ ነው የተሰማት። እማዬ ስልኩን ተቀብላ «ቻይው ልጄ» አለቻት። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ካርዱ የባሏ፣ መኖሪያው የባሏ፣ እሷ እንግዳ መስላ ነበር የምትታየኝ።

የረዳቻት ቋንቋ ትምህርት ቤት አብራት የምትማር ሶርያዊት ናት። እጇን ይዛ ለስደተኞች በነፃ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ ወሰደቻት። እዚያ የነገሯትን እህቴ በማግስቱ ለእኔ አንድ በአንድ ተናገረች። መኖሪያ ፈቃዷ መጀመሪያ ላይ በትዳሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ባልና ሚስት ጀርመን ውስጥ 3 ዓመት በትዳር አብረው ከኖሩ በኋላ ቢለያዩም ሚስቲቱ የራሷ የመኖሪያ መብት አላት። በቤት ውስጥ ጥቃት ዓይነት ከባድ ሁኔታ ካለ ደግሞ 3 ዓመቱን መጠበቅ ግዴታ አይሆንም። ፈቃዱ ከመለያየት በኋላ መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ይታደሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ራሷን መቻሏ ይታያል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። የመኖር መብቷና የመሥራት መብቷ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የራሷ ሥራ ያላት ሴት ወረቀቷም የራሷ ይሆናል።

እህቴ ባሏን አልፈታችም። መፍታትም አልፈለገችም። ያወቀችውን ግን ነገረችው። እሱም ሕጉን አያውቀውም ነበር፤ በልጅነቱ የሄደ ሰው ስለ ሚስት ፈቃድ ከየት ያውቃል? ይቅርታ ጠየቃት። «ካወቅሁ በኋላ ነው እሱን መውደዴንም ያመንኩት» አለችኝ። «ከዚያ በፊት መውደዴና መፍራቴ ተቀላቅሎብኝ ነበር።» ይህን ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ዛሬ አንዲት አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ረዳት ናት። ደረሰኝ ታስገባለች፣ ደመወዝ ታሰላለች፣ ዳቴቭን ተምራለች። አዲስ አበባ የነበራት ወንበር ላይ ገና አልደረሰችም። ግን መንገዱ ላይ ናት።

እንግዲህ ሴት ልጅ፣ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ አግብቶ ሊሄድ ሲል «ቪዛው መጣ?» ከማለታችን በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ወጪያቸው ምንም ነው፤ ሰርግ ላይ ከሚቆረጠው ኬክ ይቀልላሉ።

ባለቤትሽ የያዘው ፈቃድ ምን ዓይነት ነው? ዜጋ ነው፣ ቋሚ ነዋሪ ነው፣ ተማሪ ነው ወይስ ሠራተኛ? በዚያ ምክንያት አንቺ የምትይዥው ወረቀት ላይ ስለ ሥራ ምን ይጻፋል?

ትዳሩ አንድ ነገር ቢሆን የመኖሪያ ፈቃድሽ ምን ይሆናል? የራስሽ የሚሆነውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን መጠየቅ ሟርት አይደለም። መኪና ስንገዛ ኢንሹራንስ የምንገባው ልንጋጭ አስበን ነው እንዴ?

ሙያሽ እዚያ አገር በሕግ መታወቅ ያስፈልገዋል? የሚያስፈልገው ከሆነ ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የሥራ ልምዱ ተተርጉሞ አሁኑኑ ይዘጋጅ።

ቋንቋ ስትማሪ፣ ሥራ ስትፈልጊ የሚያልፈውን አንድ ሁለት ዓመት ማን ይሸፍናል? ለቤተሰብ የሚላከውስ? ይህን ከቀለበቱ በፊት ሁለቱ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢያነሳው ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ ጭምር ካልሆነ ለምንድን ነው?

ወንዶችም ከዚህ አታመልጡም። ሚስቱን ተከትሎ የሚሄድ ወንድ እየበዛ ነው፤ ወረቀቱ ፆታ አይለይም። «ሚስቱ ወሰደችው» ብለን መሳቅ ይቀለናል እንጂ እዚያ ደርሶ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው ጭንቀቱ አንድ ነው።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ወደ ባሏ ስትሄድ ሻንጣ ልናስር ተሰብስበን ነበር። እንደተለመደው በርበሬ፣ እንደተለመደው ሽሮ። እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና «ዲግሪሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዝሽ?» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ አልያዘችም ነበር። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሻንጣው ሲመዘን አሁንም ትርፍ ኪሎ ነበረው። በዚህኛው ግን በርበሬው ሲቀነስ እማዬ ምንም አላለችም።