በጽኑ ሕሙማን ክፍል መድኃኒት ኩላሊትን ሲጎዳ፦ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት

ታማሚዎ በሳንባ ምች ወይም በሌላ ከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ሳለ ሐኪሙ «ኩላሊቱም ተጎድቷል» ሲልዎት ግራ ሊገባዎት ይችላል። ከዚህ በፊት ኩላሊቱን አሞት አያውቅምና። ሆኖም ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በዚህ ክፍል ከሚታዩ የተለመዱ ችግሮች አንዱ ነው። መድኃኒትም ከመንስኤዎቹ መካከል ይመደባል። ብዙ ጊዜ ግን ብቻውን ሳይሆን ከኢንፌክሽኑ፣ ከደም ግፊት መውረድና ከፈሳሽ ማነስ ጋር ተደምሮ ነው የሚጎዳው።

ኩላሊት ለምን ይጎዳል?

ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ብዙ መድኃኒቶችም ከሰውነት የሚወጡት በሽንት ነው። ታማሚው በትውከትና በተቅማጥ ፈሳሽ ሲያጣ ወይም የደም ግፊቱ ሲወርድ ኩላሊት የሚያገኘው ደም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይወጣ ይጠራቀማል፤ ጉዳቱም ይብሳል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒቶች

• ጄንታማይሲን፦ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ5 እስከ 7 ቀን ከተሰጠ በኋላ ነው። ሽንት ሳይቀንስም ሊከሰት ይችላል።
• ቫንኮማይሲን፦ መጠኑ ሲበዛ ወይም ከጄንታማይሲን ጋር ሲሰጥ አደጋው ይጨምራል።
• አምፎተሪሲን ቢ፦ ለከባድ የፈንገስ ኢንፌክሽን እና ለካላዛር ይሰጣል። ካላዛር ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎችን የሚይዝ በሽታ ነው።
• ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና ኢንዶሜታሲን፦ ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ያጠባሉ። ኢናላፕሪልን ከመሰለ የደም ግፊት መድኃኒት እና ፉሮሴማይድን ከመሰለ ሽንት አብዣ ጋር አብረው ሲወሰዱ ይበልጥ አደገኛ ናቸው።

ታዲያ ለምን ይሰጣሉ?

ወደ ደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ነው። ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ፣ መጠኑን በታማሚው ክብደትና በኩላሊቱ አቅም ልክ ይወስናል። ስለዚህ «ኩላሊት ይጎዳል» ብለው የታዘዘን መድኃኒት በራስዎ አያስቁሙ፤ ስጋትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጉዳቱ እንዴት ይታወቃል?

በደም ምርመራ ክሬቲኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይለካል። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት አለ ማለት ነው። ክሬቲኒን ከጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚጨምር ምርመራው ይደጋገማል። የሽንት መጠንም በየሰዓቱ ይመዘገባል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ለ6 ሰዓት ያህል በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር በታች ከሸና ይህም የጉዳት ምልክት ነው። መጠኑ ግማሽ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም።

የእርስዎ ድርሻ፦ የተወሰደውን ሁሉ መናገር

ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የተነሳ ታማሚ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማስታገሻ ይውጣል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ መርፌ ይወጋል፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ላሊበላ ሲደርስ ሌላ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ከዚያም ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ሪፈር ይባላል። በየደረጃው አንድ መድኃኒት ሲጨመር የቀደመው ሊረሳ ይችላል። ታማሚው ራሱን ስቶ ከሆነ ደግሞ ሊናገር የሚችለው አብሮት ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ፦

• የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ብልቃጥና የሐኪም ማዘዣ ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ።
• የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጡት መድኃኒቶች፣ መጠናቸውና የተሰጡበት ሰዓት መጻፉን ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ።
• ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት፣ ለወገብ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክ ይወጋ ከነበረ ይናገሩ።
• የባህል መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ሳያፍሩ ይናገሩ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ለማከም ነው።
• ክፍሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሐኪሙ ሳይነግሩ ምንም ነገር አይስጡት።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ክሬቲኒኑ ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬስ? ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት እየተሰጠው ነው? መጠኑ ተስተካክሏል?

ኩላሊቱ ይድናል?

ቶሎ ከተደረሰበት ብዙዎች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። ጥቂቶች የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል። እጥበት ተጀመረ ማለት ግን ዕድሜ ልክ ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ ኩላሊቱ ሲያገግም ሊቆም ይችላል። አንዳንዶች ላይ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ደህና ቢመስሉም ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮና ቢያንስ ከ3 ወር በኋላ ክሬቲኒን መለካት አለበት።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ዲክሎፌናክንና መሰሎቹን ከመድኃኒት ቤት በራስዎ አይግዙ። መድኃኒት በሚታዘዝ ቁጥር «ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር» ይበሉ። ሽንት ከቀነሰ፣ ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ታማሚው ግራ ከተጋባ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።