ሚዛን ስለ እንጨት የሚናገረው

መጋዝና መላጊያ ገዝቶ፥ የሱቁን መደርደሪያ በቤቱ ግቢ በገዛ እጁ ለመሥራት የሚጀምረውን ነጋዴ ድካሙን ከንቱ የሚያደርግበት፥ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ሳንቃ ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል፥ ይጣመማል፤ ባሕር ዛፍማ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውም ይላላል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ከሱቅ የማይታጣው ሚዛን ይበቃል። ከሳንቃው ጫፍ ራቅ ብሎ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል) ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል። ከዚያም በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ፥ በ103 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ደርቆ እንደገና ይመዘናል። 600 ግራም የነበረው 500 ከሆነ፥ ውሃው የደረቁን እንጨት 20 በመቶ ያህላል ማለት ነው፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ ግን ከ12 በመቶ ብዙ ያልራቀ ይፈለጋል። እንዲህ ያለው ሳንቃ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየገባ፥ በጥላ ሥር ተደርድሮ ወራት ሊቆይ ይገባዋል። መታገሥ የማይችል ዋጋው ቢከብድም የከረመ ሳንቃ ይግዛ።