«በመኪና ዋጋ ሠላሳ ጫማ ጀልባ»፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ፈጣን የሞተር ጀልባውን ሊገዛ የተነሳ፣ ኪሱ ግን ሳሳ ያለ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ፦ «አዲስ ትንሽ ከምትገዛ አሮጌ ትልቅ ግዛ።» ሠላሳ ጫማ ርዝመት፣ ሁለት ቪ8 ሞተር፣ ዋጋዋ ከአዲስ መኪና በታች። ይህን ምክር የሰሙ ሰዎች ጀልባ ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በየግቢው ሸራ ለብሳ ቆማለች። ባለቤቷ ማስጠገኛ አጥቷል፤ ልሽጥ ቢል ደግሞ ገዢ አይመጣለትም።

ተረት፦ «ዋጋዋ ስለወረደ ርካሽ ናት»

አባባሉ ከመሬት አልተነሳም። በደንብ የተያዘ ፋይበርግላስ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ንድፍ አውጪው ሬይ ሀንት ለቀፎ፣ ማለትም ለጀልባዋ ገላ፣ የነደፈው ጥልቅ የ«ቪ» ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1960 የማያሚ–ናሶን ውድድር ካሸነፈ ወዲህ መሠረቱ ስላልተቀየረ፣ አሮጌ ቀፎም ማዕበል ይቆርጣል። ዋጋውም በእርግጥ ወርዷል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ገበያው ሲደርቅ ፋውንቴንን የሚያህል ስመ ጥር አምራች በ2009 የኪሳራ ከለላ ጠይቋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ገዢው ፊቱን ወደ አውትቦርድ (ከኋላ ውጭ ወደሚንጠለጠል ሞተር) ሲያዞር፣ ሞተራቸው ቀፎ ውስጥ የተቀበረው አሮጌዎቹ ይበልጥ ረከሱ።

የረከሰው ግን መግዣቸው ነው፤ መያዣቸው በዛሬ ዋጋ ነው። መካኒኩ ጀልባዋ አርጅታለች ብሎ የሰዓት ክፍያውን አይቀንስም። ሁለት ቪ8 ሲባል 16 ካንዴላ፣ አራት የጭስ ማኒፎልድ፣ ሁለት አውትድራይቭ (ቀፎ ውስጥ ያለው ሞተር ውልብልቢቱን የሚያዞርበት የኋላ ክፍል) ማለት ነው። አንዱን ትልቅ ሞተር አውርዶ ማሳደስ ብቻ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው በየ10 የፈረስ ጉልበቱ በሰዓት አንድ ጋሎን ገደማ ይጠጣል፤ ባለ 400 ሁለት ሞተሮች በሰዓት 80 ጋሎን፣ ማለትም 300 ሊትር አካባቢ ይጨርሳሉ። ይህን ሒሳብ «ግዛ» ባዩ ወዳጅ አይነግርዎትም፤ ከፋዩ እሱ አይደለምና።

ከዚህ የሚብሰው፣ ከገበያው ሌላ ዋጋዋን ያወረደው ጉዳት በዓይን አለመታየቱ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች ትራንሰም የሚባለው የኋላ ግድግዳቸው በፋይበርግላስ የተሸፈነ ጣውላ ነው። በብሎን ቀዳዳ የሰረገ ውሃ ጣውላውን ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ላዩ ግን እንዳብረቀረቀ ይቆያል። ሞተሩ የሚገፋው ያንኑ ግድግዳ ነው። በጨው ውሃ የሠራ ማኒፎልድም ከውስጥ ይዝግና ውሃ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ቢዬላ ያጣምማል። ብርድ ባለበት አገር ከሞተሩ ሳይወጣ የከረመ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲሰፋ ብሎኩን ይሰነጥቃል።

ስለዚህ «ትንሽ ነገር ብቻ ነው የቀራት፣ ካርቡሬተር ማስጠረግ ነው» የሚል ሻጭ ሲገጥምዎት፣ ያ ትንሽ ነገር ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን ራሱ አሠርቶ በደህና ዋጋ እንዳልሸጣት ይጠይቁት። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሰው ጀልባ ላይ ወጥተው ቪዲዮ እየቀረጹ «እኔ ብሆን ዛሬውኑ ነበር የምገዛት» የሚሉትንማ አለመስማት ነው።

መድኃኒቱ ፍተሻ ነው። ሳምስ ወይም ናምስ ከሚባሉት የባለሙያዎች ማኅበራት አባል የሆነ መርማሪ ቀፎውን በመዶሻ እያንኳኳና እርጥበቱን እየለካ ያየዋል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሞተር አይፈታም፤ ኮምፕሬሽን የሚለካ መካኒክ ለብቻው ይቅጠሩ። ከዚያ ጀልባዋ ውሃ ላይ ወርዳ ሙሉ ጉልበት ተሰጥቷት፣ ሞተሩ ፋብሪካው ያስቀመጠለት ዙር ላይ መድረሱ ይታይ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የተሰነጠቀ ብሎክ በእጅጉ ያንሳል።

ተረት፦ «የሞተሯ ሰዓት ቆጣሪ ዝቅተኛ ስለሆነ አዲስ በሏት»

ሃያ ዓመት ቆማ የከረመች ጀልባ የጎማ ክፍሎቿ ይሰነጠቃሉ፣ ነዳጇ ይበላሻል፣ ዝገቷም ይሠራል። በየዓመቱ የምትነዳና የጥገና ደረሰኝ ያላት፣ ብዙ ሰዓት የቆጠረችው ትሻላለች።

ተረት፦ «ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል»

አይሆንም። በግርድፉ ሲሰላ ፍጥነት የሚጨምረው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በሰዓት 60 ማይል የምትሄድ ጀልባ፣ ክብደቷ ሳይጨምር ጉልበቷ እጥፍ ቢሆን እንኳ 85 አካባቢ ላይ ትቆማለች። ሁለተኛው ሞተር ደግሞ የራሱን ክብደት ይዞ ነው የሚመጣው።

ተረት፦ «ስሟ ይበቃል»

ጀልባ ሠሪው ዶን አሮኖ ፎርሙላን፣ ዶንዚን፣ ማግነምንና ሲጋሬትን መሥርቶ አንድ በአንድ ሸጧል። ስሞቹ ከእጅ እጅ ተሻግረዋል፤ ፊትዎ ያለችው ጀልባ እንዴት እንደተያዘች ግን ስሙ አይመሰክርም። ቢያንስ ቀፎው ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ያንብቡ፤ በአብዛኞቹ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው።

ተረት፦ «መኪና የነዳ ጀልባ አይከብደውም»

ጀልባ ፍሬን የላትም። በፍጥነት ስትበር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ልትጀምር ትችላለች፤ ጀማሪው ደንግጦ ጉልበቱን በአንዴ ሲያወርደው አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ሊተከልና ጭራዋ ሊዞር ይችላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ነጂ የደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታዛለች። የቦትዩኤስ ፋውንዴሽን ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድም ይሰሩ፤ ገመዱ የተገጠመላት ከ26 ጫማ ያነሰች ጀልባ በፍጥነት ስትሄድ ነጂዋ እንዲያስረው የፌዴራል ሕግ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ያስገድዳል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዓመታዊ ዘገባዎች እንደሚያሳዩት በጀልባ አደጋ ከሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህሉ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ደግሞ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም።

ታዲያ ምን ይገዛ? አሮጌ አውትቦርድ ይሻላል ወይስ አውትድራይቭ በሚለው ላይ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ያስቸግረኛል፤ እንደ አያያዙ ነው። በቀረው ግን አላመነታም፦ ከ20 እስከ 24 ጫማ፣ ጥልቅ «ቪ»፣ አንድ ሞተር፣ ደረሰኝ ያላት ጀልባ። ካለዎት ገንዘብ ሢሶውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያስቀምጡ። ጀልባዋን ከመግዛትዎ በፊት ስለ ኢንሹራንስ ይጠይቁ፤ ብዙ ኩባንያዎች ልምድ የሌለውን ሰው ከትልቅ ሞተር ጋር አይቀበሉም። ቀብድ ከከፈሉም ውሉ ላይ «ፍተሻው ካላስደሰተኝ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል መስመር ይኑር። ይህን ለመፈረም እምቢ ያለ ሻጭ ስለ ጀልባዋ የሚያውቀውን ነግሮዎታል፤ ሌላ ይፈልጉ።