የኮምቢ ውስጣዊ ቅስት ገበታና የመተከል ሽመል

የአሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ የውስጥ ግድግዳ ጎባጣ ስለሆነ ወፍራም ጣውላ በግድ ቢታጠፍበት ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ተመልሶ ይቃናል። መፍትሔው ስስ ኮምፔንሳቶ በኮላ ደራርቦ፣ በጎባጣ መደገፊያ ላይ በሞርሳ አጥብቆ ማድረቅ ነው፤ ኮላው ሲደርቅ ድርቦቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ስለማይችሉ ጉብጠቱ ይጸናል። ጥቂት መላላቱ አይቀርምና መደገፊያው ከሚፈለገው ትንሽ አብልጦ ይጉበጥ። የበሰበሰውን ገበታ ግን አደራ አትጣሉት፤ የመኪናውን ልክ የያዘልን እርሱ ነው።

ለማንቡክ ባለሙያ ቅርብ የሆነው ቁስ የመተከል ሽመል ነው። ከደጋው ቀርከሃ በተለየ ግንዱ በአብዛኛው ድፍን በመሆኑ ተሰንጥቆ በስሱ ይላጋል፤ ስንጥሩም በሙቀት ይጎብጣል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝ ይጠራል፤ ስለዚህ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጥላ ሳይደርቅ ኮላ ሊነካው አይገባም።