የውሻው ዐይንና የመጽዋቹ ኪስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረውን አንድ ማስታወቂያ የተመለከተ ሰው፣ የማኅበሩን ስም ቢረሳ እንኳ የውሾቹን ዐይን አይረሳም። ዜማው በዝግታ ይጀምራል፤ ከፍርግርግ በስተኋላ ያለች ድመት፣ አንድ ዐይኑ የጠፋ ውሻ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ቡችላ እየተፈራረቁ ወደ ተመልካቹ ያያሉ። በመካከሉም ካናዳዊቱ ዘፋኝ ሣራ ማክላክላን ከአንድ ውሻ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣ ብቅ ትልና በየወሩ 18 ዶላር፣ ይኸውም በቀን 60 ሳንቲም ብቻ፣ እንዲሰጥ ተመልካቹን ትማጸናለች።

ማስታወቂያውን ያሠራው ሄንሪ በርግ የሚባል የኒው ዮርክ ባለጸጋ በ1866 የመሠረተው፣ በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ ለመከላከል የቆመው የአሜሪካ ማኅበር ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳስገኘለት በጊዜው በጋዜጣ ተጽፏል። የሚያስደንቀው ግን፣ ስለ ውሾች የተደረሰ የሚመስለው ያ ሐዘንተኛ ዜማ ከውሾች ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው መሆኑ ነው፤ ‹ኤንጀል› የሚባለውን ይህን ዘፈን ዘፋኟ ለ1997 አልበሟ የደረሰችው በአደንዛዥ ዕፅ ሕይወቱ ያለፈ አንድ ሙዚቀኛ አሳዝኗት ነበርና፣ ለሰው የወጣው ሙሾ ለእንስሳ ዋለ ማለት ነው። ዘፋኟ ራሷ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ለማየት ስለማይሆንላት ጣቢያ እንደምትቀይር ተናግራለች፤ በ2023 ደግሞ በአንድ የቢራ ማስታወቂያ ላይ ቀርባ በዚያው ልመናዋ ስትቀልድ ታየች። ያለቀሰውም የሳቀውም ሕዝብ አንድ ነው።

የዚህ ዐይነት ልመና ብልሃቱ በአራት ነገር ያልቃል ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንስሳው ብቻውን ይታያል፤ ዐይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ሥቃዩን ያመጣበት ሰው ከሥዕሉ ውጪ ይቀራል፤ የሚለመነውም ገንዘብ ከቁርስ ዋጋ እንዲያንስ በቀን ተመንዝሮ ይነገራል። ከአራቱም ይልቅ ኃይለኛው የመጀመሪያው፣ የብቸኝነቱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሰው ርኅራኄ በተፈጥሮው ለአንዱ እንጂ ለብዙው የተሠራ አይመስልም።

ይህን ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት በገንዘብ ልክ አሳይተውታል። መጠይቅ ሞልተው 5 ዶላር የተከፈላቸውን ሰዎች በሦስት ወገን ለይተው፣ ለአንደኛው ወገን ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት ማሊያዊት ሕፃን ሥዕልና ታሪክ ሰጡ፤ ለሁለተኛው በአፍሪካ ስለተራቡት ሚሊዮኖች የሚናገር አኀዝ፤ ለሦስተኛው ሁለቱንም በአንድነት። ስለ ሮኪያ ብቻ ያነበቡት በአማካይ 2 ዶላር ከ38 ሳንቲም ለገሱ፤ አኀዙን ያነበቡት 1 ዶላር ከ14። ሁለቱንም ያነበቡት አብልጠው ይሰጣሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ የሰጡት 1 ዶላር ከ43 ሳንቲም ነበርና፣ ቁጥሩ ለሕፃኗ በተዘረጋው እጅ ላይ ውሃ አፈሰሰበት። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በዘይት ጉድጓድ ሰጥመው የሚያልቁትን ተጓዥ ወፎች በመረብ ለማዳን ስንት ትከፍላላችሁ ተብለው የተጠየቁ አሜሪካውያን፣ 2,000 ወፍ ለተባሉት መልሳቸው በአማካይ 80 ዶላር፣ 20,000 ለተባሉት 78፣ 200,000 ለተባሉት 88 ዶላር ሆኗል። ኅሊናቸው የሣለው በዘይት የተነከረች አንዲት ወፍ እንጂ ሁለት መቶ ሺሕ ወፍ አልነበረም፤ ዋጋውም የዚያች የአንዲቱ ዋጋ ነው።

ለዚሁ ነገር ሆክጌት የምትባል ውሻ ታሪክ ምስክር ይሆናል። በ2002 በእሳት የተጎዳች አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ስትንሳፈፍ፣ የተረፉትን መርከበኞች አንድ የመንገደኞች መርከብ አነሣቸው፤ ውሻዋ ግን በባዶዋ መርከብ ላይ ቀረች። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍለ ግዛቶች አልፎም ከሌላ አገር ገንዘብ ጎረፈ፤ የሃዋይ የእንስሳት ማኅበር ፍለጋውን አስጀመረ፤ መንግሥትም 48,000 ዶላር ያህል አወጣና ውሻዋ ከነነፍሷ ተገኘች። ደስ የሚል ፍጻሜ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን በየመጠለያው የሚወስዳቸው አጥተው የሚሞቱት ውሾች ካሜራ አላገኙምና የጮኸላቸው የለም። ውሻ እንኳ ባለ ዕድል ነው። በአሜሪካ በያመቱ 9 ቢሊዮን ያህል ዶሮ ሲታረድ፣ ስለ ዶሮ አዝኖ ኪሱን የሚፈታ ተመልካች እምብዛም አይገኝም፤ የዶሮ ዐይን በራሷ ጎንና ጎን እንጂ ፊት ለፊት ስለማያይ ይሆን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

እንዲህ ሲባል ግን ስሜትን የሚቀሰቅስ ልመና ሁሉ ማታለል ነው ለማለት አይደለም። ሕገ ኦሪት በሬውና አህያው በሰንበት እንዲያርፉ ካዘዘችበት ዘመን ጀምሮ፣ ልሳን የሌለው ፍጥረት የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። በ1824 በለንደን ከተማ በአንድ ቡና ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች የመጀመሪያውን የእንስሳት ጠባቂ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ በ1877ም አና ሲዌል ‹ብላክ ቢውቲ› በሚባለው ልብ ወለዷ ፈረሱ ራሱ የሕይወቱን መከራ እንዲተርክ ስታደርግ (ከበለዓም አህያ ወዲህ ይህን ያህል ሰሚ ያገኘ እንስሳ ያለ አይመስለኝም) መሣሪያቸው ይኸው ርኅራኄ ነበር። ጥያቄው ማስታወቂያው ካስለቀሰ በኋላ እውነቱን ይነግራል ወይስ ይሸሽጋል የሚል ነው።

እኔ ከማውቃቸው ሁሉ የምመርጠው ልመና ዜማም ሥዕልም ያልነበረው የአንዲት እንግሊዛዊት ደብዳቤ ነው። ዶሮቲ ብሩክ በ1930 ከጦር መኮንኑ ባሏ ጋር ወደ ካይሮ በሄደች ጊዜ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ጦር ያገለገሉት ፈረሶች ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው ተሸጠው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አርጅተው፣ በሙቀትና በረኃብ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931ም ‹ሞርኒንግ ፖስት› ለሚባለው የለንደን ጋዜጣ ጻፈች። በደብዳቤዋ ያረጀ፣ የተጠማና የደከመ ፈረስ በዚያ አገር ምን እንደሚደርስበት አንባቢው እንዲያስብ ትጠይቃለች፤ ልቡን ለመንካት አልሰነፈችም። ዳሩ ግን ፈረሶቹ ወደ ለመለመ መስክ ተመልሰው ሲፈነጩ አላሳየችም፤ ገንዘቡ የሚፈለገው አብዛኞቹን ያለ ሥቃይ እንዲያርፉ ለማድረግ መሆኑን ሳትሸሽግ ተናገረች። እንግሊዞች ይህን አንብበው ሰጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ፈረስ ተገዛ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ፣ እንደ ተነገረው፣ በሰላም እንዲሞቱ ተደረጉ። ከዚያም በ1934 የካይሮ ድሆች ፈረሳቸውንና አህያቸውን በነጻ የሚያሳክሙበት ሆስፒታል ከፈተች። እንስሳውን ካዳኑ ባለቤቱን መርዳት የግድ እንደሚሆን ገብቷት ነበርና፣ የዛሬዎቹ ማስታወቂያዎች የሚዘነጉት በተለይ ይህን ነው።

ነገሩ ወደ እኛም የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት፤ በዶሮቲ ብሩክ ስም የተሰየመው ብሩክ የሚባለው ድርጅትና በ1969 በእንግሊዝ አገር ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የመሠረተችው የአህዮች መጠለያ ሁለቱም በአገራችን ይሠራሉ። በውጭ አገር ለገንዘብ ማሰባሰቢያ በሚወጣ ሥዕል ላይ የገጣባው አህያ ጀርባ በቅርብ ይታያል፤ አህያዋ ከሞተች ውሃ የሚቀዳበት፣ እህሉን ገበያ የሚያደርስበት የሌለው ገበሬ ግን ወይ አይታይም፣ ወይም አለንጋ ጨብጦ እንደ ጨካኝ ይታያል። የሐኪሞቹ ሥራ ግን ከዚህ ሥዕል የተሻለ ነው። ገጣባውን ያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍ በቂ ድልዳል መጥፋቱ ስለሆነ፣ ቁስሉን አክመው ሲያበቁ ባለቤቱን ድልዳል እንዴት እንደሚያበጅ ያስተምሩታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ሲዘጋም፣ ተቃዋሚዎቹን ያስነሣ የውጭ አገር ማስታወቂያ አልነበረም።

እንግዲህ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የምትኖር አንባቢ፣ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተህ እንዲህ ያለ ልመና ቢመጣብህ፣ ማዘንህን አትፈርበት፤ ነገር ግን ስልኩን ከማንሣትህ በፊት የማኅበሩን ዓመታዊ ሒሳብ ፈልገህ ከሰበሰበው ስንቱን ለእንስሳቱ፣ ስንቱንስ ለሌላ ማስታወቂያ እንዳዋለው ተመልከት። በከተማህ ያለውን የእንስሳት መጠለያ ለመርዳት ካሰብህም ለመጠለያው ራሱ በቀጥታ ስጥ፤ በኒው ዮርክ ያለው ትልቁ ማኅበር ስማቸው ከስሙ ጋር በሚመሳሰል በየከተማው ባሉት ማኅበራት ላይ ሥልጣን የለውም፣ እነርሱም ቅርንጫፎቹ አይደሉም።